ዓይን ብቻ የታመመበት ኢንፍሉዌንዛ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 በኔዘርላንድ ዶሮ እርባታዎች የታየ የጉዳይ ጥናት

ኢንፍሉዌንዛ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ትኩሳት፣ ሳል፣ ቁርጥማትና አልጋ ላይ መዋል ነው። ዓይን ቢነሳ እንኳ መጨረሻ ላይ ነው። «ዓይኔም ያለቅሳል» ይባልና ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኔዘርላንድ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ኤች7ኤን7 የሚባል የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በ89 ሰዎች ላይ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ከእነዚህ ውስጥ 78ቱን የያዛቸው የዓይን ሕመም ብቻ ነው። ዓይናቸው ቀላ፣ ቆጠቆጣቸው፣ አለቀሰ። ሐኪሞቹ ጉሮሮ ብቻ አይተው፣ የሚያስል ሰው ብቻ ፈልገው ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹን ባላገኟቸው ነበር።

በጉንፋን ጊዜ ዓይን ላይ የሚመጣውን ነገር አቅልለን የምናይ ብዙ ነን። ይህን ጉዳይ ላነሳው የፈለግኩትም ለዚያ ነው። ዓይንና መተንፈሻ አካል የተያያዙ ናቸው። የኔዘርላንዱ ታሪክ ያንን ግንኙነት አጉልቶ ያሳያል።

ምን ተፈጠረ?

ጊዜው የካቲት 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የፌብሩዋሪ 2003 መጨረሻ) ነው። ሄልደርላንድ በሚባለው የኔዘርላንድ ክፍለ ሀገር ዶሮዎች በጅምላ ማለቅ ጀመሩ። አካባቢው የዶሮ እርባታ የበዛበት ነው፤ አንዱ እርባታ ከሌላው ብዙም አይርቅም። ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ከግቢ ግቢ ተዛመተ። ከ200 በላይ እርባታዎች ተያዙ፤ ወደ ቤልጅየምና ወደ ጀርመንም ተሻገረ። ወረርሽኙን ለመግታት ከ25 ሚሊዮን በላይ ወፎች ተወገዱ።

ያን ሁሉ ዶሮ የሚይዝ፣ የሚገድልና የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። አርቢዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞችና ለዚሁ ሥራ የተቀጠሩ ሠራተኞች በተዘጉ የዶሮ ቤቶች ውስጥ ዋሉ። የዶሮ ቤት አየር ምን እንደሚመስል ገብቶ ያየ ያውቀዋል። ላባ ይበናል፣ የደረቀ ኩስ ይበናል፣ አሞኒያው አፍንጫ ይሰነፍጣል። እዚያ ውስጥ የዋለ ሰው ዓይኑ ቢቀላ ማንም አይደነግጥም። «አቧራ ነው» ይባላል።

መጀመሪያ ላይ ቫይረሱ ሰውን የመያዙ ዕድል ዝቅተኛ ነው ተብሎ ነበር። ያም ሆኖ የጤና ባለሙያዎቹ ክትትል ጀመሩ። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን ውሳኔ ነው። «ዓይን ታመመ» የሚለውንም በግልጽ ወሰኑት። መቅላት፣ እንባ መፍሰስ፣ ማሳከክ፣ ሕመም፣ ማቃጠል፣ ዓይናር ወይም ብርሃን መፍራት፤ ከእነዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ ያለበት ሰው ይመረመራል። ናሙናም ከጉሮሮ ብቻ አልወሰዱም። ከዓይንም በጥጥ ዘንግ ወሰዱ።

453 ሰዎች የጤና ችግር እንዳለባቸው ተናገሩ። ከእነሱ 349ኙ የዓይን ሕመም ነበረባቸው። 90ዎቹ ደግሞ ኢንፍሉዌንዛ የሚመስል ሕመም ይዟቸዋል። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ዓይናቸውን ብቻ ከታመሙት ከመቶ 26 በሚሆኑት ቫይረሱ ተገኘ። ኢንፍሉዌንዛ የሚመስል ሕመም ብቻ ከነበረባቸው ግን የተገኘው ከመቶ 5 በሚሆኑት ብቻ ነው። የቫይረሱ መጠንም ከጉሮሮው ናሙና ይልቅ በዓይኑ ናሙና ይበልጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዓይናቸውን ብቻ ከታመሙት ከአራት ሦስቱ ላይ ቫይረሱ አልተገኘም። ያ ማለት የእነዚህ ሰዎች ሕመም ሁሉ አቧራ ነበር ማለት አይደለም። ቫይረሱ ከተገኘባቸው ናሙናዎች አብዛኞቹ ምልክቱ በጀመረ በ5 ቀን ውስጥ የተወሰዱ ናቸው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ታሞም ነፃ ሊባል ይችላል። የዓይን ሕመም «እስቲ ትንሽ ልየው» እየተባለ የሚቆይ ሕመም ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንባ ከየት ይመጣል፣ የትስ ይሄዳል?

የእንባ ዕጢ ያለው ከዓይን በላይ፣ ወደ ውጪው ጥግ በኩል ነው። የሚያመነጨው ውሃማ ፈሳሽ በእያንዳንዱ የዓይን ቆብ ጥቅሻ ዓይን ላይ ይዳረሳል። ግን እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ውሃውን ከዓይን ገጽ ጋር የሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር አለ። እሱን የሚሠሩት የዓይንን ነጭ ክፍልና የቆብን ውስጥ በሚሸፍነው ስስ ልባስ ውስጥ የተበተኑ ሴሎች ናቸው። ልባሱ ኮንጀንክቲቫ ይባላል። ከላይ ደግሞ ሾርባ ላይ እንደሚንሳፈፍ ቅባት ያለ ስስ ዘይት አለ። እሱ የሚመጣው ከሽፋሽፍት ሥር ካሉ ዕጢዎች ሲሆን ሥራው ውሃው ቶሎ እንዳይተን መከላከል ነው። ሦስቱ ሲስማሙ ዓይን ይመቸዋል፤ ጥርት አድርጎም ያያል።

ሥራውን የጨረሰው እንባ በዓይን ውስጠኛ ጥግ ባሉ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይገባል። ከዚያ በቱቦ ወርዶ አፍንጫ ውስጥ ይፈስሳል። ሰው ሲያለቅስ ንፍጡ የሚመጣው ለዚህ ነው። የዓይን ጠብታ ጨምራችሁ ጥቂት ቆይቶ ጉሮሯችሁ ከመረራችሁም መንገዱ ያው ነው። መድኃኒቱ ከዓይን ወርዶ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ጉሮሮ ደርሷል ማለት ነው። ዓይን ላይ ያረፈ ቫይረስም በዚያው መንገድ ከእንባው ጋር ሊወርድ ይችላል።

እንባ የራሱ መከላከያም አለው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ ከራሱ አፍንጫ በወሰደው ንፍጥ ውስጥ ባክቴሪያ የሚያሟሟ ነገር አገኘ። ላይሶዛይም ብሎ ጠራው። ያው ነገር በእንባ ውስጥ በብዛት እንዳለ ሲያይ የሥራ ባልደረቦቹን ዓይን በሎሚ እያስለቀሰ እንባ ይሰበስብ ነበር። ላይሶዛይም ግን የሚያፈርሰው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው። ቫይረስ ያ ግድግዳ የለውም። ስለዚህ ቫይረሱን የመከላከሉ ሥራ በእንባ ውስጥ ላሉት ላክቶፌሪን ለሚባል ፕሮቲን፣ ለፀረ እንግዳ አካላትና ለዝልግልጉ ክፍል ይቀራል። እነሱም ሁልጊዜ አያሸንፉም።

ለምን ዓይንን መረጠ?

ኢንፍሉዌንዛ ሴል ውስጥ ለመግባት በሴሉ ገጽ ላይ የሚገኝ አንድ የስኳር ዓይነት ይይዛል። ስሙ ሳያሊክ አሲድ ነው። ይህ ስኳር ከሴሉ ጋር የሚያያዘው በተለያየ አኳኋን ነው። የሰው ኢንፍሉዌንዛ የሚወደው አንዱን ነው፤ እሱም በአፍንጫችንና በላይኛው መተንፈሻችን በብዛት አለ። የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ሌላኛውን ይመርጣል። ያ ሌላኛው በዓይናችን ገጽ ላይ በደንብ ይገኛል። የወፎቹ ቫይረስ በሰው አፍንጫ ላይ የሚያጣውን መያዣ ዓይን ላይ ያገኘዋል ማለት ነው።

ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ ሙሉ ግን አይመስለኝም። በእስያ በሰው ላይ የታየው ኤች5ኤን1 ያንኑ ስኳር ይፈልጋል። ሆኖም እዚያ በዋናነት የታየው ከባድ የሳንባ ምች ነው እንጂ የዓይን ሕመም አይደለም። የኤች7 ዘር ግን ከዓይን ጋር ያለው ታሪክ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1980 በአሜሪካ ኬፕ ኮድ አካባቢ የባሕር አቆስጣዎች በኤች7ኤን7 ሲያልቁ ሬሳቸውን የመረመሩ ሰዎች ዓይናቸውን ታመሙ። አንድ ሠራተኛ ደግሞ የታመመ አቆስጣ ፊቱ ላይ አስነጥሶበት ዓይኑ ታሟል። እ.ኤ.አ. በ1996 በእንግሊዝ ዳክዬ የምታረባ አንዲት ሴት የዳክዬዎቹን ቤት ስታጸዳ የገለባ ስባሪ ዓይኗን ነካት። ዓይኗ ቀላ። ከዓይኗ በተወሰደው ናሙና የተገኘው ያው ኤች7ኤን7 ነበር። የኔዘርላንዱ ወረርሽኝ ከመነሳቱ ከሰባት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ዓይኑ እያለቀሰ ይደርቃል

ቫይረሱ ኮንጀንክቲቫው ውስጥ ሲባዛ ልባሱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ። በዓይን ገጽ ያሉት ነርቮች ይህንን እንደ አደጋ ይቆጥሩና ለእንባ ዕጢው መልእክት ይልካሉ። ዕጢው እንባውን ይለቀዋል። ውሃው ይትረፈረፋል፤ ጉንጭ ላይ ይወርዳል።

ችግሩ ይህ እንባ ጥሩ እንባ አለመሆኑ ነው። በብግነቱ ዝልግልጉን የሚሠሩት ሴሎች ይጎዳሉ። የቆብ ጠርዝ ካበጠ ዘይቱም በአግባቡ አይወጣም። የቀረው ውሃ ዓይን ላይ አይረጋም፤ ቶሎ ይበጣጠሳል። ታማሚው «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል» ይላል፤ በዚያው ሰዓት እንባውን በመሐረብ ይጠርጋል። ለሰሚው ግራ ያጋባል እንጂ ሁለቱም እውነት ናቸው።

በተራ ጉንፋን ጊዜ ዓይን የሚያለቅሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው። የእንባው ቱቦ የሚከፈተው በአፍንጫ የታችኛው ክፍል ነው። አፍንጫ ሲያብጥ መውጫው ይጠብባል። የተመረተው እንባ ያው ሆኖ ሳለ መሄጃ ያጣና በዓይን በኩል ይፈስሳል። አፍንጫው ሲከፈት እሱም ይተዋል።

ሕመሙ ካለፈ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ድርቀት ሊቀር ይችላል። በዚህ የሚታወቀው አዴኖቫይረስ ነው። ጉሮሮንም ዓይንንም ያማል። አንዳንድ ዓይነቱ ኮርኒያ በሚባለው የዓይን ፊት ግልጽ ሽፋን ላይ ትናንሽ ነጠብጣቦች ይተዋል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እይታ ያደበዝዛሉ።

ድርቀቱን የዓይን ሐኪም በቀላል መንገድ ይለካዋል። 5 ሚሊ ሜትር ስፋትና 35 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት የወረቀት ቁራጭ ጫፏ ታጥፎ በታችኛው ቆብ ውስጥ ትገባለች። 5 ደቂቃ ይጠበቃል። እንባው ወረቀቷን ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ካረጠባት ደህና ነው። ከ5 በታች ከሆነ ዕጢው በቂ እንባ እያመነጨ አይደለም። ሌላው ምርመራ ቢጫ ቀለም ዓይን ላይ ማድረግና እንባው ስንት ሰከንድ ሳይበጣጠስ እንደሚቆይ ማየት ነው። ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ አይረጋም ማለት ነው። ከቫይረስ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ይኼኛው ነው። ስለዚህ የወረቀቱ ምርመራ ጥሩ ውጤት አሳይቶም ሰውየው «ይቆረቁረኛል» ሊል ይችላል፤ ሊታመንም ይገባል።

አንድ ሞት፣ ከዚያም የመጣው ርምጃ

ከ89ኙ አንዱ የ57 ዓመት የእንስሳት ሐኪም ነበር። የተያዘ እርባታ ጎብኝቶ ከተመለሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከባድ ትኩሳትና ራስ ምታት ያዘው። ኦሴልታሚቪር የሚባለውን የመከላከያ መድኃኒት አልወሰደም ነበር። ሳንባው ተጎድቶ ሚያዝያ 9 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2003) አረፈ። ለአብዛኛው ሰው በቀይ ዓይን ብቻ ያለፈው ቫይረስ አንድ ሰው ገደለ። ከእሱ የተገኘው ቫይረስ በሰው አካል ውስጥ በደንብ ለመባዛት የሚረዳ ለውጥ በዘረመሉ ላይ ነበረው።

ከሠራተኞቹ ጋር ንክኪ ከነበራቸው 83 ሰዎች ተመርምረው ሦስቱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ዶሮ ሳይነኩ የተያዙ መሆናቸው ነው። ብዙ አልተዛመተም። ግን ዕድሉ እንዳለ አሳየ።

19 ሰዎች መያዛቸው ከተረጋገጠ በኋላ ለሠራተኞቹ ሁሉ የኢንፍሉዌንዛ ክትባትና ኦሴልታሚቪር (ታሚፍሉ) ግዴታ ሆነ። ክትባቱ ለሰው ኢንፍሉዌንዛ የተሠራ ነው እንጂ ኤች7ን አይከላከልም። የተፈለገው አንድ ሰው የሰዉንና የወፉን ቫይረስ በአንድ ጊዜ እንዳይይዝና ሁለቱ እንዳይዳቀሉ ነው። ስጋቱ ባዶ አልነበረም፤ ከተመረመሩት መካከል ስድስቱ ተራውን የሰው ኢንፍሉዌንዛ ይዘው ተገኝተዋል። ያም ሆኖ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሰው ሕመም የደረሰው ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ከዓመታት በኋላ የትኛው ርምጃ እንደጠቀመ ተጠና። ኦሴልታሚቪር በአንድ የእርባታ ጉብኝት የመያዝን ዕድል ከመቶ 14.5 ወደ ከመቶ 3.1 አውርዶታል። መከላከያ መነጽርና የአፍ ጭምብል ግን ያመጡት ጥቅም በመረጃው ላይ በግልጽ አልታየም። አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህ ከመረጃው ጉድለት ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። እኔም ይህ ውጤት «መነጽር አይጠቅምም» ተብሎ እንዳይነበብ እፈልጋለሁ። በሙቀትና በላብ መካከል ስምንት ሰዓት የሚሠራ ሰው መነጽሩ በእንፋሎት ሲሸፈን ያወልቀዋል፤ በዚያው በቆሸሸ ጓንት ዓይኑን ያሻል። ይህንን የትኛውም መጠይቅ በትክክል አይመዘግበውም።

እኛ ጋ ሲመጣ

አገራችን ውስጥ ዓይኑ የቀላ ሰው ቶሎ የሚሄደው ወደ ፋርማሲ ነው። ትራኮማ ያስለመደን ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት አለ። ለትራኮማ መድኃኒት ነው፤ ትራኮማ ከባክቴሪያ ስለሚመጣ ማለት ነው። ለቫይረስ ምንም አያደርግም። ይህ ግን እምብዛም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ የስቴሮይድ ጠብታዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲደረጉ ነው። ቅላቱን በአንድ ቀን ስለሚያጠፉት ሰው ይወዳቸዋል። የቀላው በኸርፐስ ቫይረስ ከሆነ ግን ኮርኒያን እስከማቁሰል፣ እይታንም እስከማጥፋት ሊያደርሱ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ ሲደረጉ ደግሞ የዓይን ግፊት ይጨምራሉ፤ ግላኮማም ያመጣሉ። ጎረቤት የሰጠችህን ጠብታ አታድርግ፤ ያንተንም ለሌላ አትስጥ።

እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የጉንፋን ኪኒኖችም ንፍጥን ሲያደርቁ እንባንም ይቀንሳሉ። በጉንፋን ሰሞን ዓይኑ የደረቀበት ሰው የሚውጠውን ቢያይ ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ የሚታጠንም ዓይኑን ይጨፍን።

ለአብዛኛው የቫይረስ የዓይን ሕመም የሚበጀው ቀላል ነገር ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ቆቡ ላይ ማሳረፍ፣ ሰው ሠራሽ የእንባ ጠብታ፣ እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ፎጣና ትራስ ለየብቻ ማድረግ። የዓይን ሌንስ የሚያደርግ ሰው እስኪሻለው ያውልቅ። ዓይን በጣም ካመመ፣ ብርሃን ማየት ካቃተ ወይም እይታ ከቀነሰ ግን ወደ ዓይን ሐኪም እንጂ ወደ ፋርማሲ አይኬድም። አራስ ልጅ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀንም አይጠበቅም።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በቴክሳስ

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 2024) በቴክሳስ የወተት ላሞች እርባታ የሚሠራ አንድ ሰው ቀኝ ዓይኑ ቀልቶ ወደ ሐኪም ሄደ። ትኩሳት አልነበረውም። ሳንባው ደህና ነው። የዓይኑ ነጭ ክፍል ላይ ግን ደም ፈስሶበታል። ናሙናው ሲመረመር ኤች5ኤን1 ተገኘ። እዚህም ከአፍንጫው ይልቅ በዓይኑ ውስጥ ያለው ቫይረስ በእጅጉ ይበዛ ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከተያዙ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ 46 ሲጠኑ ከእንስሳት ጋር ንክኪ ከነበራቸው 45ቱ ከመቶ 93ቱ የዓይን ሕመም ነበረባቸው። የመተንፈሻ ምልክት የታየባቸው ከመቶ 36ቱ ብቻ ናቸው። በታመመ ላም ወተት ውስጥ ቫይረሱ በብዛት አለ። በዘመናዊ ማለቢያ ውስጥ ሠራተኛው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ነው የሚሠራው፤ የላሟ ጡት ከፊቱ ትይዩ ስለሆነ ወተቱ በቀላሉ ዓይኑ ላይ ይረጫል።

ዛሬ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል እንዲህ ባለ ሠራተኛ ላይ የዓይን ቅላት ሲታይ ከአፍንጫው ብቻ ሳይሆን ከዓይኑም ናሙና እንዲወሰድ ይመክራል። ኦሴልታሚቪርም ውጤቱ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ይጀመራል።